ለ21 ቀን የበላሁትንና የጠጣሁትን ሁሉ ጻፍኩ፤ ጥፋቱ ያለው ከጠበቅኩት ቦታ አልነበረም

ባለ ደብተሩ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ወር በፊት ለሌላ ጉዳይ ወደ ሐኪም ሄጄ የደም ግፊቴ ሲለካ 148 በ94 ሆኖ ተገኘ። የድካም ጉዳይ ይሆናል ተብሎ በሌሎች ሁለት ቀናት ቢደገምም ቁጥሩ ከዚያ ብዙም አልራቀም። ሐኪሙ ኩላሊቴንና የደም ስኳሬን አስመርምሮ ሌላ የሚያሰጋ ነገር ስላላገኘ፣ መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት አመጋገቤንና እንቅስቃሴዬን የማስተካክልበት የሦስት ወር ጊዜ ሰጠኝ። «ምን ይመገባሉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሳላመነታ መለስኩለት። ቤት የተሠራ ምግብ እንበላለን፤ ጥራጥሬና አትክልት ከቤታችን አይጠፋም፤ ሥጋ በሳምንት አንድ ቀን ቢገኝ ነው፤ የተጠበሰ ነገር አላዘወትርም። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። ከክፍሉ ስወጣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ የነገርኩት ስለ ምሳዬና ስለ እራቴ ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ደብተር ገዝቼ ለ21 ቀን አፌ የገባውን ሁሉ ከነሰዓቱ፣ ይህ ይቆጠራል ያኛው አይቆጠርም ሳልል ጻፍኩ። የወጥ ቤት ሚዛንም ነበረንና በሁለተኛው ሳምንት መመዘን ጀመርኩ። ሻይ በሁለት ማንኪያ ስኳር እንደምጠጣ ለዓመታት ስናገር ኖሬያለሁ። ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የእኔ ማንኪያ ግን ሁልጊዜ ተቆልሎ ነው ከስኳር ዕቃው የሚወጣው፤ ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው 7 ግራም ሆነ። በቀን አራት ስኒ፣ በእያንዳንዱ ስኒ ሁለት ማንኪያ፣ በድምሩ 56 ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለታዊ ኃይላችን ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው 10 በመቶው 50 ግራም ይሆናል። እኔ ይህንን ወሰን ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ሳልነካ በሻይ ብቻ አልፌዋለሁ።

ጨው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። በምግቤ ላይ ጨው ነስንሼ ስለማላውቅ ጨው አልወድም ብዬ አምን ነበር። የምንገዛው ዳቦ እሽግ ላይ በ100 ግራም ውስጥ 1.2 ግራም ጨው እንዳለ ተጽፏል፤ ጠዋትና ማታ የምበላው ተደምሮ 200 ግራም ስለሚሆን ከዳቦ ብቻ 2.4 ግራም ይደርሰኛል። ወጥ ቤት ውስጥ ለማጣፈጫ የምንጠቀምበት ባለ አራት ማዕዘን የሾርባ ቅመም ደግሞ ግማሽ ያህል ክብደቱ ጨው ነው። ድርጅቱ ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ነው የሚመክረው፤ እኔ ጨው የሚባለውን ዕቃ ሳልነካ እዚያ ለመድረስ ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ከደብተሩ የተረዳሁት ይህ ነው፦ አስቤ የምመርጠው ምግብ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ሳላስብ ከአፌ የማደርሰው ግን አሥርና አሥራ ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ግፊቴን ከፍ ያደረገው በአብዛኛው ይኸኛው ይመስለኛል። በራሳችሁ ሕይወት እንዲህ ዓይነት ነገር አስተውላችሁ ከሆነ፣ በተለይም ውጤት ያመጣ ለውጥ ካደረጋችሁ፣ ብታካፍሉኝ በጣም እጠቀማለሁ።

---

ምግብ አማካሪ

ባለ ደብተሩ፣ ማንኪያውን ሚዛን ላይ ማስቀመጥዎ ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር ነውና አመሰግንዎታለሁ። ሥራዬ ሰዎችን ስለ አመጋገባቸው መጠየቅ ስለሆነ እርስዎ ለሐኪምዎ የሰጡትን ዓይነት መልስ ዕለት በዕለት እሰማለሁ። ማንም ሊዋሽ አስቦ አይደለም፤ ሰው ምግብ ሲባል በሳህን የቀረበለትን እንጂ ቆሞ የቀመሰውን፣ እያወራ የጠጣውን አያስታውስም።

በመጀመሪያ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። አንዳንድ እሽጎች ላይ የሚጻፈው ጨው ሳይሆን በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው። ሶዲየሙን በ2.5 ሲያባዙት የጨውን መጠን ያገኛሉ፤ 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም 2 ግራም ጨው ማለት ነው። ይህን ባለማወቅ ቁጥሩ ትንሽ መስሏቸው የሚሸምቱ ብዙዎች ናቸው። የእርስዎ ሁኔታ የተለየ እንዳይመስልዎም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ አማካዩ የጨው ፍጆታ በቀን 10.8 ግራም ነው፤ ከሚመከረው በእጥፍ ይበልጣል።

ሶዲየም ሲበዛ ሰውነት ውኃ ይይዛል፤ በደም ሥሮች ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይጨምርና በግድግዳቸው ላይ የሚያርፈው ግፊት ከፍ ይላል። ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን በአንጻሩ ኩላሊት ሶዲየምን በሽንት እንዲያስወግድ ያግዛል፤ የደም ሥሮችንም ያላላል። ይህ ማዕድን በባቄላና በምስር፣ በድንች፣ በሙዝ፣ በቲማቲምና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ በብዛት ይገኛል። ይህን የማነሳው ውይይታችን ስለ መቀነስ ብቻ እንዳይሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ውጤቱ የታተመ ዳሽ የሚባል ጥናት 459 ሰዎችን ወስዶ ምግባቸውን ሙሉ በሙሉ እያቀረበ ለስምንት ሳምንት ተከታተላቸው። የጨው መጠናቸው እኩል ሆኖ፣ ክብደታቸውም እንዳይለወጥ ተደርጎ፣ ከፊሎቹ ብዙ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ቅባቱ የቀነሰ ወተትና ያልተፈተገ እህል እንዲመገቡ ሲደረግ የላይኛው ግፊታቸው ከተለመደው ምግብ ተመጋቢዎች ጋር ሲነጻጸር በአማካይ በ5.5 ነጥብ ወረደ። ከመጀመሪያውም የደም ግፊት የነበረባቸው ላይ ደግሞ ቅናሹ 11.4 ደረሰ፤ ለውጡም መታየት የጀመረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። አንድ የግፊት መድኃኒት ከሚያወርደው ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው፤ የመጣውም ጨው ሳይቀነስ፣ ሌላ ነገር ተጨምሮ ነው።

ስለዚህ ከደብተርዎ ላይ የጎደለውንም ይፈልጉ ዘንድ እጠይቅዎታለሁ። በ21 ቀን ውስጥ ፍራፍሬ የበሉት በስንቱ ነው?

---

ባለ ደብተሩ

አሁን ቆጠርኩት። በአምስት ቀን ብቻ። ሁለቱ ደግሞ ጭማቂ ናቸው፤ ጭማቂ ከፍራፍሬ ይቆጠራል?

---

ምግብ አማካሪ

በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይቆጠርም። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለመሥራት ሦስት ያህል ብርቱካን ይጨመቃል፤ አሰሩ ሲቀር ስኳሩ ብርጭቆው ውስጥ ይገባል። ሦስት ብርቱካን ልጦ እያኘኩ ለመጨረስ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ሆድም ይሞላል፤ ጭማቂው ግን በሁለት ትንፋሽ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም በጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር ሻይዎ ውስጥ ከሚጨምሩት ጋር በአንድ መደብ ነው የሚያስቀምጠው። ፍራፍሬውን እንዳለ ይብሉት።

---

ጥያቄ አይጠፋኝም

የጻፋችሁትን በትኩረት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች አልተዋጡልኝም። አንደኛ፣ አባቴ ጨው የበዛበት ምግብ ሲበሉ ኖረው ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ነው ያረፉት፤ ግፊት የሚባል ነገርም አልነበረባቸውም። ሁለተኛ፣ የሥነ ምግብ ምክር በየጊዜው ሲገለባበጥ እናያለን። አንድ ሰሞን እንቁላል ልብን ይጎዳል ተባለ፤ ቀጥሎ ብሉት ተባለ። ቅባት ጠላት ነው ተብሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ ስኳር ነው ጠላቱ። አንድ ተራ ሰው ዕለታዊ ኑሮውን ነገ በሚለወጥ ምክር ላይ ለምን ይመሠርታል? ይህን የምለው ለመከራከር ያህል ሳይሆን ከልብ ስለሚያሳስበኝ ነው።

---

ምግብ አማካሪ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ በሚገባም መመለስ አለበት።

በአባትዎ ልጀምር። ለጨው ያለን ምላሽ እኩል አይደለም። አንዳንዱ ሰው ጨው ሲጨምር ግፊቱ ወዲያውኑ ይወጣል፤ ሌላው ላይ ብዙም ለውጥ አይታይም፤ ዕድሜ ሲገፋ፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ሲኖር ግን ተጋላጭነቱ ይጨምራል። አባትዎ ከታደሉት ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። አስቀድሞ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ በቀላሉ ማወቅ ስለማንችል ነው ምክሩ ለሁሉም የሚሰጠው።

ስለ ምክሩ መለዋወጥ ግን አንድ ልዩነት እናድርግ። የእንቁላሉ ታሪክ እውነት ነው፤ የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ በቀን ከ300 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ኮሌስትሮል የሚለውን ወሰን ከ2015ቱ እትም አስቀርቷል፤ ምክንያቱም ለአብዛኛው ሰው የደም ኮሌስትሮሉን በይበልጥ ከፍ የሚያደርገው በምግብ የሚገባው ኮሌስትሮል ሳይሆን እንደ ቅቤና የሰባ ሥጋ ያለው የረጋ ቅባት መሆኑ ስለተረጋገጠ ነው። ምርምርም ራሱን ያርማል። ስፔን ውስጥ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የታተመ ፕሬዲሜድ የተባለ ትልቅ ጥናት፣ 7,447 ሰዎችን ተከታትሎ የወይራ ዘይት ወይም ለውዝና መሰሎቹ የበዛበት አመጋገብ እንደ ስትሮክ ያሉ ከባድ የልብና የደም ሥር ሕመሞችን እንደሚቀንስ አሳወቀ። በኋላ ግን በአንዳንድ ቦታዎች ተሳታፊዎቹ በዕጣ የተመደቡበት መንገድ እንደተዛነፈ ተደረሰበትና አዘጋጆቹ ጽሑፉን በ2018 ስበው፣ ስሌቱን እንደገና ሠርተው፣ አገላለጹን አለዝበው መልሰው አሳተሙት፤ የውጤቱ አቅጣጫ ግን አልተለወጠም። እኔ ይህን ሳይ እምነቴ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከዚህ ሁሉ መካከል ያልተገለበጠውን ይመልከቱ። ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ያልተፈተገ እህል ይብዛ፤ ጨውና የሚጨመር ስኳር ይቀነስ የሚለው ምክር ለአሥርት ዓመታት በቦታው ነው። የሚለዋወጠው በአብዛኛው ስለ አንድ ነጠላ ምግብ የሚነገረው ወሬ ነው፤ ወደ ጆሯችን ቶሎ የሚደርሰውም እሱ ነው።

---

የሁለት ልጆች እናት

ባለ ደብተሩ ጥፋቱ ከጠበቅኩት ቦታ አልነበረም ያሉትን እኔም በልጄ አይቻለሁ፤ የእኔ ግን በጨውና በስኳር አይደለም።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ደረጃ ስትወጣ የምታለከልክ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልብሷን ሳትቀይር አልጋ ላይ የምትወድቅ ሆነች። ሰነፈች ብዬ መቆጣቴ ዛሬም ያሳዝነኛል። ስትመረመር በደሟ ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ዝቅ ብሎ የአይረን እጥረት መሆኑ ታወቀ፤ የወር አበባዋም ከባድ ስለነበር እሱም ታየላት፤ የአይረን ክኒንም ታዘዘላት። ከሁለት ወር በኋላ ስንመለስ ግን ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ነርሷ ክኒኑን በምን እንደምትውጥ ጠየቀቻት። ልጄም «ከቁርስ በኋላ፣ በሻይ» አለች። እራት ላይም ምስር ወይም ሌላ ጥራጥሬ በየቀኑ እንበላለን፤ ሳህኑ ሳይነሳ ደግሞ ሻይ ይቀዳል። በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከአይረኑ ጋር ተጣብቆ አንጀት እንዳይቀበለው እንደሚያደርግ የሰማሁት ያን ቀን ነው። በተለይ ከዕፅዋት የሚገኘው አይረን ከሥጋው ይልቅ ለመመጠጥ አስቸጋሪ ስለሆነ ሻይና ቡና ይበልጥ ይጎዱታል፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ በተቃራኒው እንዲመጠጥ ያግዘዋል።

ከዚያ በኋላ የለወጥነው ነገር ሁለት ብቻ ነው። ሻይ ከምግብም ሆነ ከክኒን ቢያንስ አንድ ሰዓት እንዲርቅ አደረግን፤ ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ ጀመርን። ምግቡ ያው ምግብ፣ ሻይውም ያው ሻይ ነው። ክኒኑን በውኃ መውሰድ ከጀመረች ከሦስት ወር በኋላ ሄሞግሎቢኗ ተስተካከለ። አሁን ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ትወጣለች።

---

ምግብ አማካሪ

እናት፣ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር፦ የደም ማነስ ከአይረን እጥረት ውጪም ብዙ መነሻ አለው፤ በጎልማሳ ወንድና ማረጥን ባለፈች ሴት ላይ ደግሞ ከአንጀት ውስጥ የሚፈስ ደም ምልክት ሊሆን ይችላል። መንስኤው ሳይታወቅ ክኒን ገዝቶ መዋጥ አይገባም። የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የማይመገብ ሰውም ቫይታሚን ቢ12ን ከክኒን ወይም ከተጨመረበት ምግብ ማግኘት አለበት፤ ከዕፅዋት አይገኝምና።

---

ሌሊት ሠራተኛ

እስካሁን ስለ ሰዓት አልተነሳም። ስድስት ዓመት ሌሊት እየሠራሁ ኖሬያለሁ፤ ሰውነቴን የጎዳው ከምበላው ይልቅ የምበላበት ሰዓት ነው የሚል እምነት አለኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ ዓይኔን ሲጫነው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ እከፍታለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወፍራም ቡና እጠጣለሁ፤ ቤት ገብቼ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስተኛ እንቅልፉ አይመጣም፤ ቢመጣም ስስ ነው። ተነሥቼ ስውል ደግሞ የሚያምረኝ ጣፋጭና የተጠበሰ ነገር ብቻ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ 9 ኪሎ ጨመርኩ። ከሁሉ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ክብደቱ አልነበረም፤ ቶሎ የምቆጣ፣ ከልጆቼ ጋር ለመጫወት አቅም የሌለኝ ሰው ሆንኩ።

በሥራ ቦታችን ጤና ሊያስተምሩን የመጡ ሐኪም ያስረዱን ነገር ረድቶኛል። ሰውነት ስኳርን የማስተናገድ አቅሙ በሌሊት ከቀን ይልቅ ዝቅ ይላል፤ ያው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሌሊት ሲጠጣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ይበልጥ ከፍ ያደርጋል። ካፌይን ደግሞ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ልተኛ አራት ሰዓት ሲቀረኝ የምጠጣው ቡና እኔ ስተኛ ገና ግማሹም አልወጣም። እንቅልፍ ያነሰው ሰው ደግሞ በማግስቱ የበለጠ ይርበዋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ምግቤን ሥራ ከመግባቴ በፊት እበላለሁ፤ ሌሊት ላይ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ባቄላ ከጥቂት ዳቦ ጋር ይበቃኛል፤ ቡና ከእኩለ ሌሊት በኋላ አልነካም። ለስላሳውን በአንድ ጊዜ መተው አልቻልኩም፤ ወደ ትንሹ ጠርሙስ ወርጄ፣ ከዚያ በአንድ ሌሊት እየዘለልኩ ነው ያቆምኩት። ክብደቴ የቀነሰው በ4 ኪሎ ብቻ ነው። እንቅልፌ ግን ተመልሷል፤ ባለቤቴም ለውጡን ከእኔ ቀድማ አስተዋለችው።

---

እንደገና ከመጀመሪያ

በዚህ ክር ላይ የሚነገረው ሁሉ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ስጋት አለኝና ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። መመዘንና መጻፍ ለሁሉም ሰው መድኃኒት አይደለም።

ከሦስት ዓመት በፊት ክብደት ለመቀነስ ብዬ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬና ጥራጥሬ ጭምር ከለከልኩ። እያንዳንዱን ጉርሻ በስልኬ ላይ እመዘግብ ነበር። በአራት ወር 11 ኪሎ ቀነስኩ፤ ያየኝ ሁሉ አደነቀኝ። ማንም ያላየው ግን ሌሊት ስለ ዳቦ ማለሜን፣ ግብዣ ላለመሄድ ሰበብ መፈለጌን፣ በተመዘገበው ላይ 100 ካሎሪ ሲያልፍ ቀኑን ሙሉ ራሴን መውቀሴን ነው። ከዚያ አንድ ቀን ተበጠሰ። በስድስት ወር ውስጥ 13 ኪሎ መለስኩ።

በኋላ እየፈለግኩ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ፣ በተመራማሪው አንሰል ኪስ መሪነት ስለተካሄደ ሙከራ አወቅኩ። ጤነኛ የነበሩ 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለስድስት ወር ምግባቸው ወደ ግማሽ ያህል እንዲወርድ ተደረገ። ክብደታቸው ብቻ አልቀነሰም፤ ቁጡዎችና ዝምተኞች ሆኑ፤ ስለ ምግብ እንጂ ስለ ሌላ ማሰብ ተሳናቸው፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። ያንን ሳነብ አለቀስኩ፤ የእኔ ጥፋት የፈቃድ ድክመት ነው ብዬ አምን ስለነበር ነው።

ስለዚህ ባለ ደብተሩን በአክብሮት የምጠይቀው ይህን ነው፦ ደብተሩ መቼ ነው የሚዘጋው?

---

ባለ ደብተሩ

ያሳሰብዎ ነገር ትክክል ነው፤ ስለ ግልጽነትዎም በጣም አመሰግናለሁ። ደብተሩ በ21ኛው ቀን ተዘግቷል። አስቀድሜ ቀኑን የወሰንኩት ባለቤቴ ስላስጠነቀቀችኝ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ የሚበሉትንም መመዘን ጀምሬ ነበርና አስቆመችኝ። ደብተር የሚያገለግለው ልማድ የት እንደተደበቀ ለማየት ይመስለኛል፤ ከታየ በኋላ ሥራውን ጨርሷል። ከምግብ ጋር ያለው ግንኙነት አንድ ጊዜ የታመመበት ሰው ግን ባይጀምረው ይሻላል፤ ይህን በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ማንሳት ነበረብኝ።

---

ምግብ አማካሪ

እንደገና ከመጀመሪያ፣ የደረሰብዎት ነገር ከብዙ ሰው የምሰማው ነው። ካሎሪ መቁጠር ሳያስፈልግ የሚበላውን መጠን የሚቀንስ አንድ መንገድ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2019 ታይቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች 20 ሰዎችን ተቋሙ ውስጥ አስተኝተው፣ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው ምግብ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በቅባት፣ በአሰርና በጨው የተመጣጠነ ሲሆን፣ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተነገራቸው። በተቀነባበረው ጊዜ ሰዎቹ ሳይታወቃቸው በቀን 500 ያህል ካሎሪ ጨምረው በሉ፤ በፍጥነትም ይበሉ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ 0.9 ኪሎ ጨመሩ። በሌላኛው ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ማንም እንዲቀንሱ አላዘዛቸውም። ከእያንዳንዱ ጉርሻ ጋር ከመታገል ይልቅ ቤት ውስጥ የሚገባውን ምግብ ዓይነት መለወጥ ቀላል እንደሚሆን ከዚህ እረዳለሁ።

---

የጡረታ ዘመን

ስለ ጨው ስታወሩ፣ ሶዲየሙ ተቀንሶ ፖታሲየም የተጨመረበት ጨው እንዳለ ሰምቻለሁ። ዕድሜዬ 68 ነው፤ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ይጠቅመኛል?

---

ምግብ አማካሪ

አባቴ፣ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ እንዳይጀምሩት እለምንዎታለሁ። እንዲህ ያለው ጨው ራሱ ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመ፣ ከቻይና 600 መንደሮች ውስጥ 21,000 ያህል ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት፣ ሩብ ያህሉ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው የተጠቀሙት ላይ ስትሮክ በ14 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ አብዛኞቹም ቀደም ሲል ስትሮክ የነበረባቸው ነበሩ። ነገር ግን ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ወይም ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ የሚያስቀሩ የግፊት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ ከልክ አልፎ የልብ ምቱን ሊያዛባው ይችላል። የመድኃኒትዎን ስም ይዘው ይሂዱና የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ይጠይቁ። እስከዚያው ድረስ የተለመደውን ጨው መቀነስ ምንም አይጎዳዎትም።

---

ባለ ደብተሩ (ከአሥር ሳምንት በኋላ)

ውጤቱን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ። ትናንት ሐኪሙ ዘንድ ነበርኩ፤ ግፊቴ 134 በ86 ሆኗል። ቤት ውስጥ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ የለካሁትም ከዚያ የራቀ አልነበረም። ሐኪሙ ገና ከሚፈለገው በላይ እንደሆነ ነግሮኝ፣ መድኃኒት መጀመሩን ለተጨማሪ ሦስት ወር እንድናቆየው ተስማምተናል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድም ስለጀመርኩ የቱ ምን ያህል እንዳወረደው መለየት አልችልም።

ስኳሩን በየሁለት ሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ነው የቀነስኩት፤ አሁን በስኒ ግማሽ ልሙጥ ማንኪያ ላይ ደርሻለሁ። የመጀመሪያው ቅናሽ ምንም አልተሰማኝም። ሁለተኛው ከበደኝ፤ ለአራት ቀን ያህል ሻይው ውኃ ውኃ አለኝ፤ ከዚያ ምላሴ ለመደው። በቀደም አንድ ቦታ እንደ ድሮዬ በሁለት ማንኪያ ተቀድቶልኝ መጨረስ አቃተኝ። ፍራፍሬ በየቀኑ እበላለሁ፤ ጠዋት ከቤት ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ካልከተትኩት ግን ሳልበላው ነው የምውለው። የሾርባ ቅመሙን አቁመን በነጭ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በሎሚ ነው የምናጣፍጠው። በዳቦው ላይ ግን አልተሳካልኝም፤ ጨው የቀነሰ ዳቦ አላገኘሁም፤ መጠኑን ብቻ ነው የቀነስኩት።

---

ጥያቄ አይጠፋኝም

እንኳን ደስ አለዎት። የቤተሰቡን ምግብ ጨው እንዴት እንደቀነሳችሁ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ በእኔ ቤት ሁለት ጊዜ ሞክረን ልጆቹ «አልጫ ነው» እያሉ ማዕድ ላይ ይነሰንሱበታል። ካነበብኩት በኋላ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ግፊቴን ተለክቻለሁ፤ 139 በ88 ነው።

---

ባለ ደብተሩ

መለካትዎ መልካም ነው፤ በሌላ ቀንም ያስደግሙት።

የእኛ ዘዴ ቀላል ነው። አራት ነን፤ ከዳቦና ከሌላው የሚመጣውን ቀንሰን ለቀኑ ወጥ ማብሰያ 14 ግራም ጨው በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ለክተን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥን። የሚያበስል ሁሉ ከዚያ ብቻ ይወስዳል፤ ማዕድ ላይ የሚነሰንስም ከዚያው ነው። በየሳምንቱ አንድ ግራም እያነስን አሁን 8 ላይ ነን። ጨውን ምግቡ ሊወርድ ሲል መጨመርም ረድቶናል፤ ቀድሞ ሲገባ እየተቀመሰ ይደጋገማል። ልጆቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አጉረምርመዋል። ማክሰኞ ማታ ትልቁ ልጄ ሳህን ሲያጥብ ብልቃጡን አንሥቶ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገውና ከሥሩ የቀረውን አሳየኝ፤ አንድ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ተርፎ ነበር።